ያባረርነው ዘበኛ

ገንዘብ አጥሮን የቀረብን ነገር ያሳዝናል እንጂ አያንገበግብም። አቅም የሌለው ሰው ራሱን በምን ይወቅሳል? የሚያንገበግበው በነጻ ቀርቦ፣ ደጅ ድረስ መጥቶ፣ እጃችንን ያልዘረጋንለት ነገር ነው። ባለፉት 20 ዓመታት በጉራጌ ከተሞቻችን በወልቂጤና በቡታጅራ በኮምፒውተሮቻችንና በስልኮቻችን ላይ የደረሰውን ጥፋት ባሰብኩ ቁጥር ውስጤን የሚበላኝ ይህ ነው። የሰርግ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሱቅ ሒሳብ፣ በሕይወት የሌለ አባት ድምፅ ጠፋ። በጠፋ ቁጥር «ቫይረስ በላው» እያልን ከንፈራችንን መጥጠን አለፍን። ቫይረሱ ሲበላ ግን መከላከያው አንድ ብር አይጠየቅበትም ነበር። ይህን ያወቀ ሰው ከንፈር መጥጦ ማለፍ አይሆንለትም።

ቡታጅራ ያለ አንድ ፎቶ ቤት የደረሰበትን ላንሳ። ባለቤቱ ሰርግ ያነሳል፣ ቪዲዮ ያቀናብራል፣ አልበም ያሠራል። የዓመታት ሥራው በአንድ ዴስክቶፕና ከዴስክቶፑ ተነቅሎ በማያውቅ አንድ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ላይ ነበር። አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍት የሙሽሮቹ ምስል ሁሉ ጠፍቶ በየቦታው ባዶ ነጭ ምልክት ተደርድሮ ጠበቀው። የፋይሎቹ ስም እንዳለ ነው፤ ከስሙ ጫፍ ላይ ግን ትርጉም የሌላቸው አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተቀጥለዋል። አንዱም አይከፈትም። በየፎልደሩ «ሪድሚ» የሚል አጭር ጽሑፍ ተቀምጧል። ፋይሎችህን ቆልፈናል፤ መክፈቻውን በ980 ዶላር እንሸጥልሃለን፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ከጻፍክልን በግማሹ፣ በ490 ዶላር እንለቅልሃለን ይላል። ሰውዬው መርካቶ ላለው ወንድሙ ሊያሳየው ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ አነሳ። ከዚያ ባለሙያ ጠራ። ባለሙያው የሚያውቀውን አንድ መድኃኒት አዘዘለት፤ ኮምፒውተሩንም ኤክስተርናሉንም ፎርማት አደረገው።

ያ ጽሑፍ፣ ያ ዋጋ፣ ያ የ72 ሰዓት ቀጠሮ በዓለም የታወቀ ቫይረስ ምልክት ነው። ስቶፕ፣ በሌላ ስሙም ዲጄቩ ይባላል። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ ብቅ ብሎ በተለይ የተራውን ሰው ኮምፒውተር ያጠቃ ሲሆን ዋነኛ መግቢያው ክራክ፣ ማለትም የሚሸጥን ሶፍትዌር ያለ ክፍያ የሚያስከፍተው ፕሮግራም ነው። ኤምሲሶፍት የተባለው ኩባንያ በጥቅምት 2012 ለዚህ ቫይረስ ነጻ መክፈቻ አውጥቷል። በጊዜው ከሚታወቁት 160 ያህል ዝርያዎች 148ቱን ይፈታ ነበር። ከዚያ በኋላ ለመጡት ዝርያዎችም ቢሆን አንድ ቀዳዳ ቀርቷል። ቫይረሱ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ቁልፍ የሚቀበለው በኢንተርኔት ከላኪዎቹ ነው። በዚያች ሰዓት መስመሩ ከተቋረጠበት አብሮት በመጣ ቋሚ ቁልፍ ይቆልፋል። ቋሚው ቁልፍ ለብዙ ሰው አንድ ዓይነት ስለሆነ አንድ ቦታ ከተገኘ ለሌሎቹም ይሠራል። የትኛው ቁልፍ እንደደረሰብህ የሚታወቀው በሪድሚው ግርጌ ከተጻፈው መለያ ቁጥር ነው፤ መጨረሻው «ቲ1» ከሆነ ተስፋ አለ። ኔትወርክ በሚቆራረጥባቸው ከተሞቻችን ይህ ምን ትርጉም እንዳለው አንባቢ ይመዝነው።

ሌላም አለ። ቫይረሱ ቸኩሎ ስለሚያልፍ ከእያንዳንዱ ፋይል የሚቆልፈው የመጀመሪያውን 150 ኪሎባይት ያህል ብቻ ነው። ለአንድ ፎቶ ይህ ከባድ ጉዳት ነው። የግማሽ ሰዓት የሰርግ ቪዲዮ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሳይነካ ይቀራል፤ ለእንዲህ ያለው ቪዲዮ መጠገኛም በነጻ ይገኛል። ዲስኩ ፎርማት በመደረግ ፈንታ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ ኖሮ ገሚሱ ሰርግ ሊመለስ ይችል ነበር። በፎቶ ቤቱ ባለቤት ስልክ ላይ በቀረው ፎቶ 980ው ይነበባል፣ 490ውም ይነበባል። የግርጌው መስመር ግን ከፎቶው ውጪ ቀርቷል። መለያ ቁጥሩ በምን ያበቃ እንደነበር ከእንግዲህ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ይህ ጥፋት ከሰማይ አልወረደም። ሰውዬው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፈልጎ ከአንድ የቴሌግራም ቻናል ክራክ አወረደ። ክራኩ ከመመሪያ ጋር ነው የሚመጣው፤ የመመሪያው የመጀመሪያ መስመር ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላል። አጠፋው። ያጠፋው አንቲቫይረስ ዊንዶውስ ዲፌንደር ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ ማለትም ከጥቅምት 2005 ጀምሮ፣ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ እየመጣ ሳይጠሩት የሚሠራ፣ ደመወዝ የማይጠይቅ ዘበኛ ነው። ሌባው በር ላይ ቆሞ «ዘበኛህን አባርልኝና ልግባ» አለን፤ አባረርንለት፤ ገባ።

ከዘበኛው በፊት ደግሞ አፕዴቱ ተዘግቷል። ዊንዶው መጫን በከተሞቻችን የራሱ ሥርዓት ያለው ሙያ ሆኗል። ፎርማት ይደረጋል፣ ዊንዶው ይጫናል፣ በክራክ አክቲቬት ይደረጋል፣ በመጨረሻም «አፕዴት ካደረገ ይቆለፍብሃል» ተብሎ አፕዴቱ ይዘጋል። ደንበኛውም ዳታዬን አይበላብኝም ብሎ አመስግኖ ይወስዳል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያ ኮምፒውተር የተጫነበት ዊንዶውስ በተዘጋጀበት ዕለት ዕውቀት ብቻ ይኖራል። ከዚያ በኋላ የተገኘ ቀዳዳ ሁሉ በላዩ ላይ ክፍት ነው። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማስተካከያ በየወሩ በነጻ ይለቀቃል፤ እኛ ጋ ሲደርስ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል።

የ2000ዎቹን መጀመሪያ ዓመታት የሚያስታውስ ሰው የፍላሽ ዘመኑን አይረሳም። አንድ ማመልከቻ ለማሳተም ፍላሽህን ወልቂጤ ካሉት ኮፒ ቤቶች ላንዱ ትሰጣለህ። ቤትህ ወስደህ ስትሰካው ፎልደሮችህ ሁሉ ሾርትካት ሆነዋል፤ ያንተም ኮምፒውተር ተያዘ። ነገ ጓደኛህ ፍላሹን ያመጣና የእሱም ይያዛል። ዊንዶውስ ኤክስፒ ፍላሽ በተሰካ ቁጥር በውስጡ ላለው የማስነሻ ትእዛዝ ቦታ ይሰጥ ስለነበር ቫይረሶቹ ከሚገቡባቸው በሮች አንዱ ይኸው ነበር። ማይክሮሶፍት ይህን በር ለፍላሽ የሚዘጋውን ማስተካከያ በየካቲት 2003 በአፕዴት አሰራጨ። አፕዴቱ ክፍት የነበረ ኮምፒውተር ሁሉ በዚህ በር በኩል ባለቤቱ ሳያውቀው ተጠበቀ። የእኛዎቹ ግን ለዓመታት ያንኑ በሽታ ሲቀባበሉ ኖሩ። ስንት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በዚያ ፍላሽ ይዞ ሄዶ ባዶ ፍላሽ ይዞ ተመለሰ? ስንቱስ እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ?

በዚያው ዘመን ያመለጠን ሌላ ዕድል ደግሞ ከሁሉም በላይ ያበሳጨኛል። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ያቋቋመው ካኖኒካል ኩባንያ ኡቡንቱ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት በሲዲ አሽጎ፣ የፖስታውንም ወጪ ራሱ ችሎ፣ በዓለም ዙሪያ ለጠየቀው ሰው ሁሉ ይልክ ነበር። ይህ ከ1997 አካባቢ ጀምሮ እስከ 2003 ዓ.ም. ቆየ። የሚጠየቀው እንደ ስምና አድራሻ ያለ መረጃ ብቻ ነበር። ፖስታ ሣጥን ቁጥር ያለው የወልቂጤ ወይም የቡታጅራ ሰው ኢንተርኔት ቤት ገብቶ አንድ ጊዜ ቢጠይቅ ሲዲው ፖስታ ቤት ድረስ ይመጣለት ነበር። ክራክ የማይፈልግ፣ አክቲቬት የማይባል፣ ለዊንዶውስ የተጻፈው የፍላሽ ቫይረስ የማይነካው ሥርዓት ነበር። ማመልከቻ ለመጻፍ፣ ደብዳቤ ለማተም፣ ኢሜይል ለማየት ከበቂ በላይ ነው። ያኔ አንድ መምህር ጀምሮት፣ ተማሪዎቹ ቤታቸው ወስደውት፣ ከተማው ለምዶት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንናገረው ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ በነጻ ሲታደል ኖሮ ቆመ። ቆሞም ዜናው እንኳ አልደረሰንም።

ግንቦት 4 ቀን 2009 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በአንድ ቀን ዓለምን አናወጠ። በ150 አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ቆለፈ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሕመምተኛ መለሱ። የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማስተካከያ ግን ከመጋቢት 5 ጀምሮ፣ ጥቃቱ ሊደርስ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው፣ በነጻ ተለቅቆ ነበር። ዓለም ከዚያ ቀን አንድ ነገር ተማረ፤ አፕዴት ማለት ዳታ የሚበላ ምናምን ሳይሆን መከላከያ መሆኑን። እኛ ዘንድ ግን «አፕዴቱን ዝጋልኝ» የሚለው ትእዛዝ ከዚያ በኋላም አልተለወጠም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እኛ ከሄደም በኋላ አልጮኽንም።

ስለ ፎቶ ከተነሳ አንድ ቀን አልረሳም። ግንቦት 20 ቀን 2007 ጉግል ፎቶስ ተከፈተ። ጥራቱን በመጠኑ ለመቀነስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ ያለ ገደብ፣ ያለ ክፍያ ፎቶና ቪዲዮ አስቀምጥልሃለሁ አለ። ይህ እስከ ግንቦት 24 ቀን 2013 ድረስ ስድስት ዓመት ጸና። በዚያ ጊዜ ውስጥ የገባ ፎቶ ዛሬም ጉግል በነጻ ከሚሰጠው የ15 ጊጋባይት ኮታ አይቆጠርም። መጀመሪያ ላይ ዳታ ውድ ነበር፤ ይህ እውነት ነው፣ አልክድም። ነገር ግን በነሐሴ 2010 ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ ሲቀንስ ከመዝጊያው ቀን በፊት ገና ሦስት ዓመት ሊሞላ የተቃረበ ጊዜ ነበረን። የሰርግ፣ የምርቃት፣ የለቅሶ፣ የመስቀል፣ የአረፋ ፎቶ ሁሉ በአንድ ኢሜይል ስም ሊቀመጥ ይችል ነበር። ብዙዎቻችን በእጃችን ባለው ስልክ ውስጥ መተግበሪያው ተጭኖ ተቀምጦ አንድ ጊዜ አልከፈትነውም። ስልኩ ወደቀ፣ ተሰረቀ፣ ውሃ ገባው፤ ሟቹም በፎቶው ዳግመኛ ሞተ።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ክርክር አውቀዋለሁ። ክራክ የተጠቀምነው ወደን አይደለም፣ ለውጭ ክፍያ የሚሆን የዶላር ካርድ ያለው ማን ነው፣ የዊንዶውስ ዋጋስ የስንት ወር ደመወዝ ነው ይባላል። ልክ ነው፤ በዚህ ሕዝቡን አልወቅስም። ክራክ የምንፈልገው ግን ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ ብናየው ክርክሩ ይሳሳል። ደብዳቤ ለመጻፍ ከሆነ ሊብሬ ኦፊስ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ አለ። ለአማርኛ ጽሕፈት ከሆነ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ደረጃ የተካተተው በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በ1999 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጣ። ዛሬ ደግሞ ኪማን የተባለው መጻፊያ በነጻ ይጫናል። እኛ ግን የግዕዝ መጻፊያውን ሳይቀር በክራክ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ስንቀባበል ኖርን። ከእነዚያ መጻፊያዎች ብዙዎቹ ዩኒኮድን ስለማይጠቀሙ የድሮ ደብዳቤዎቻችን ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናሉ። ለቪዲዮ ማቀናበሪያም ቢሆን ኮምፒውተሩ ጠንካራ ለሆነ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻ እትም አለ፤ ደከም ላለው ሾትከት አለ። ሁለቱም «አንቲቫይረስህን አጥፋ» አይሉም። ካርድ የሚጠይቀውን ስናሳድድ ካርድ የማይጠይቀው አጠገባችን ተቀምጦ ነበር።

ኢንተርኔቱስ? ደካማ ነበር፤ አንዳንዴም ለሳምንታት ጭራሽ ተቋርጧል። ይሁን እንጂ የዲፌንደር የቫይረስ መለያ ዝርዝር ልክ እንደ አንድ ዘፈን በአንድ ፋይል ወርዶ በፍላሽ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሊጫን ይችላል። በመንገድ ዳር ካሉት ኮፒ ቤቶች አንዱ በሳምንት አንድ ቀን አውርዶ ለቀሩት ቢያዞር ሁሉም በተጠበቁ ነበር። ፊልምና ዘፈን በፍላሽ የሚያዞረው እጅ መከላከያውንም ማዞር ይችል ነበር። ማንም አልጠየቀ፣ ማንም አላዘዘ፣ አልሆነም።

የአሜሪካው የዲቪ ሎተሪ ነገር ደግሞ ሌላ ቁስል ነው። ለዓመታት በየጥቅምቱ የዲቪ ወቅት ሲደርስ ኮፒ ቤቶቻችን በሰው ይጨናነቁ ነበር። ፎቶ ይነሳል፣ ቅጹ ይሞላል፣ ያስሞላው ሰው ለአገልግሎቱ ከፍሎ ይሄዳል። የሚሞላው ኢሜይል ግን አብዛኛውን ጊዜ የሱቁ ነው፤ ማረጋገጫ ቁጥሩም ሱቁ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚቀመጠው። በግንቦት ውጤት ሲወጣ ያ ኮምፒውተር ቫይረስ ገብቶበት ፎርማት ከተደረገ ቁጥሩ የለም። ቁጥሩን ለረሳ ሰው ገጹ ራሱ መፈለጊያ አለው፤ ሆኖም ሲሞላ የተሰጠውን ኢሜይል ይጠይቃል። ሰውዬው ኢሜይሉን አያውቀውም፤ የእሱ አይደለማ። ደርሶት ሳያውቅ የቀረ ሰው ከመካከላችን ይኖር ይሆን? ይህን ጥያቄ የሚመልስ የለም፤ ስለዚህም አያስተኛም። የራስን ኢሜይል መክፈት ግን ነጻ ነው፣ ከአንድ ሲኒ ቡና የበለጠ ጊዜም አይወስድም።

የቴሌግራም አካውንት መጠለፍ ደግሞ አሁንም እየደረሰ ያለ ነው። የምታውቀው ሰው ይጽፍልሃል፤ «አንድ ኮድ በስሕተት ወዳንተ ተልኮ ነበር፣ እባክህ ላክልኝ» ይላል። የእሱ አካውንት አስቀድሞ ተወስዷል፤ ኮዱም ያንተው መግቢያ ነው። ከላክህለት በኋላ በስምህና በፎቶህ ለዘመዶችህ ሁሉ «ቸግሮኛል፣ በዚህ ቁጥር ብር አስገባልኝ» የሚል መልእክት ይዘንባል። ለእኛ ይህ ከሌላው የበለጠ ያማል። ጉራጌ ወንድሙ መርካቶ፣ እህቱ ጅማ፣ አባቱ ወልቂጤ ሆነው አንድ ንግድ የሚያንቀሳቅስ ሕዝብ ነው። ይህ ሁሉ የሚቆመው በመታመን ነው፤ «ላክልኝ» ሲባል ሳይጠይቁ በመላክ። አጭበርባሪው የሚሰርቀው ያንን እምነት ነው። ቴሌግራም ደግሞ ከኮዱ በተጨማሪ ሁለተኛ ፓስወርድ ማስገባት የሚያስችለውን ቅንብር ያቀረበው በ2007 ዓ.ም. ነው። ስልኩ ውስጥ ገብቶ ማብራት ብቻ ነው የሚጠበቀው። ያን ያበራ ሰው ኮዱን ተታሎ ቢሰጥ እንኳ ሌባው ሁለተኛው በር ላይ ይቆማል። እኛ ግን ለቴሌግራሙም፣ ለኢሜይሉም፣ ለፌስቡኩም አንድ ፓስወርድ፣ እሱም የስልክ ቁጥራችን። ፓስወርድ የሚይዙልን ኪፓስና ቢትዋርደን ነጻ ናቸው። ኢሜይላችን በተዘረፈ መረጃ ውስጥ ተገኝቶ እንደሆነ የሚነግረን፣ አውስትራሊያዊው ትሮይ ኸንት በ2006 ዓ.ም. የከፈተው አገልግሎትም ነጻ ነው። አጠራጣሪ ፋይል ከመክፈታችን በፊት በብዙ አንቲቫይረስ አንድ ጊዜ የሚያስመረምረው ቫይረስቶታልም እንዲሁ።

ይህን ሁሉ ስናገር ሕዝባችን ለመዝገብና ለጥንቃቄ ባዳ ነው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም የሚያንገበግበኝ ተቃራኒው ነው። ቡታጅራ በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሚዮ ዩኒቨርሲቲ በጋራ የጀመሩት የገጠር ጤና ጥናት የተካሄደባት ናት። በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ ልደትና ሞት፣ መምጣትና መሄድ ለአሥርት ዓመታት ተመዝግቧል። ከዚያ መዝገብ ስንት የምርምር ጽሑፍ ወጣ። አንድ ቁጥር ሲጠፋ ምን እንደሚጎድል የሚያውቁ ቆጣሪዎች እዚሁ ኖረዋል። ዕቁባችንም ዋስ ያላቀረበ ሰው ብሩን እንዳይወስድ ይከለክላል። ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ መዝገቡም እንደ ዓይን ብሌን ይጠበቃል። ዛሬ ግን የስንቱ ዕቁብ ዝርዝር በአንድ ጸሐፊ ስልክ ውስጥ ብቻ፣ ያለ ቅጂ ተቀምጧል? ለ200 ብር ዋስ የሚጠራው ማኅበር ለመዝገቡ ሁለተኛ ቅጂ አልጠየቀም።

መንግሥት እስኪመጣልን መጠበቅም ልማዳችን አልነበረም። በ1950ዎቹ አባቶቻችን ከየደሞዛቸውና ከየሱቃቸው አዋጥተው የጉራጌን መንገድ ሥራ ድርጅት አቋቋሙ። ከዓለም ገና ተነስቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወርደው መንገድም የሕዝብ መዋጮ ያረፈበት ነው። መንገድን የሚያህል ነገር በማኅበር የሠራ ሕዝብ አፕዴትን የሚያህል ቀላል ነገር በማኅበር መሥራት እንዴት አቃተው? ከወልቂጤ አለፍ ብሎ ጉብሬ ላይ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ኮምፒውተር የሚያስተምር፣ ተማሪ የሚያስመርቅ። ነጋዴው፣ ዕድሩ፣ ትምህርት ቤቱ አንድ ቀን «ልጆቻችሁን ለአንድ ቅዳሜ ላኩልን፣ ኮፒ ቤቶቻችንን ይዩልን» ብለን ብንጠይቅ መልሱ ምን ይሆን ነበር? አልጠየቅንም።

የመስቀልና የአረፋው ነገር ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። በዓመት ሁለት ጊዜ መርካቶም፣ ሐዋሳም፣ ሌላም ያለው ልጅ ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለአረፋ ይመጣል። ከእነዚህ መካከል ባንክ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠብቅ፣ ሶፍትዌር የሚጽፍ፣ ኔትወርክ የሚዘረጋ ሞልቷል። ክትፎው ሲበላ፣ ጨዋታው ሲደራ፣ የአባቱ ስልክ አጠገቡ ተቀምጧል። የእናቱ ቴሌግራም ያለ ሁለተኛ ፓስወርድ ነው። የወንድሙ ሱቅ ላፕቶፕ ዘበኛው ተባርሮ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ልጁ ያን ማየት ይችላል፣ ማስተካከልም ይችላል፤ ለአንዱ ስልክ ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም። በዓሉ ያልፋል፣ ልጁ ይሄዳል፣ ስልኩ እንዳለ ይቀራል። ስንት መስቀል፣ ስንት አረፋ እንዲህ አለፈ? በዓመት ሁለት ጊዜ ባለሙያውን ሁሉ ሰብስቦ ወደ እናቱ ቤት የሚልክ ሥርዓት ሌላው ሕዝብ ቢያገኝ ምን ያደርግበት ነበር?

አሁንም ጊዜው እየሄደ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ከተሞቻችን ውስጥ ከሚሠሩት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም፤ ስለዚህ በግድ ይጫንላቸው ይሆናል፣ አፕዴቱም እንደ ልማዱ ይዘጋል። ያኔ በፖስታ ይመጣ የነበረው ኡቡንቱ ግን ዛሬ በሰዓታት ይወርዳል። እንደ እሱ ያለው ሊኑክስ ሚንትም አሮጌውን ላፕቶፕ በነጻ ሊያነሳው ይችላል። ዊንዶውስ የማይለቅ ሰው ደግሞ ዲፌንደሩን ያብራ፣ አፕዴቱን ይክፈት፣ ሥራውን ሁለተኛ ዲስክ ላይ ገልብጦ ዲስኩን ነቅሎ ያስቀምጥ። ፋይሉ የተቆለፈበት ሰው ፎርማት ከማድረጉ በፊት ሪድሚውን ያስቀምጥ፤ የአውሮፓ ፖሊስና አጋሮቹ በሐምሌ 2008 የከፈቱት «ኖ ሞር ራንሰም» የተሰኘው ነጻ አገልግሎት መክፈቻ ይኖር እንደሆነ ያየዋል። የቅርብ ዘመድ ያለው ሁሉ ለመጪው መስቀል ወይም አረፋ ቤት ሲገባ ከስጦታው ጋር ይህንን ይዞ ይግባ።

ከጠፋው ብዙው አይመለስም። ጉግል ያለ ገደብ ሲያስቀምጥ የነበረባቸው ስድስት ዓመታት አልፈዋል፤ በፖስታ የሚመጣው ሲዲ ቆሟል፤ ፎርማት የተደረገው ዲስክ ላይ የነበረው ሄዷል። ድህነታችንን ለብዙ ነገር ምክንያት አድርገን አቅርበናል፤ ለብዙውም እውነት ነው። ለዚህኛው ግን ምክንያት ሊሆነን አይችልም። ዋጋው ያኔም ዜሮ ነበር፤ ዛሬም ዜሮ ነው።